ሙያ በልብ፣ ክፍያ በመፍቻ

‹‹ካንቢዮው ሄዷል።››

በአማርኛ ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስወጣ ዓረፍተ ነገር ካለ ንገሩኝ። እኔ የሰማሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ እንደቆምኩ፣ የመኪናዬ ሞተር እንኳ ሳይጠፋ ነው። ፈራጁ ኮፈኑን አልከፈተም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አልመዘዘም። መሪ ይዞ መቶ ሜትር አልነዳም። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎ ‹‹በቃ ጋሼ፣ ካንቢዮው ሄዷል፤ ይቀየር›› አለኝ። ያገለገለ ካንቢዮ ከነመግጠሚያው፣ 130 ሺህ ብር።

ታዲያ ምን ብዬ መለስኩ? አመሰገንኩት! ለምርመራው ሳንቲም ስላልጠየቀኝ አመሰገንኩት።

ኋላ በሰው ላይ ስናገር እንድትታገሡኝ የራሴን ነውር ላስቀድም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሌላ ጋራዥ ሄጄ ነበር። በዕድሜ ጠና ያሉ መካኒክ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ‹‹ልንዳት፣ ትሙቅ፣ ዘይቷን ልየው። ግማሽ ቀን ትቆይልኝ። ለምርመራ 1,500 ብር ነው›› አሉኝ።

‹‹ለማየት ብቻ?››

‹‹ለማየት ብቻ።››

እንደተሰደበ ሰው መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ሃያ ምናምን ዓመት በየክፍሉ እየቆምኩ ድርሰት እንዴት እንደሚነበብ በማስተማር ደመወዝ የበላሁ ሰው፣ ሌላው ሰው መኪና አነባለሁ ብሎ ደመወዝ ሲጠይቀኝ ዘራፊ መሰለኝ። ለማንበብ ይከፈላል እንዴ? የእኔ ሲሆን ይከፈላል፤ የሳቸው ሲሆን አይከፈልም። ይኸው ነው ነገሩ።

ስለ መኪናዋ ጥቂት ልበል። ኮሮላ ናት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ2003 ሥሪት፣ አውቶማቲክ። ስገዛት ቆጣሪዋ 140 ሺህ ኪሎ ሜትር ይል ነበር። ከወራት በኋላ ከመቀመጫው ሥር የወጣ አሮጌ የሰርቪስ ወረቀት 260 ሺህ አለ። መካከል ላይ ያለውን 120 ሺህ ማን እንደበላው እግዜር ይወቀው፤ አሁን 300 ሺህን ሳታልፍ አትቀርም። በሽታዋ እንዲህ ነው። ጠዋት ቀዝቅዛ ‹‹ዲ›› ላይ ሳስገባት ጥቂት ታስባለች። ዳገት ላይ ከሁለተኛ ማርሽ ወደ ሦስተኛ ስትሻገር ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ቦታዋ ናት፤ ከዚያ ድንገት ትወረወራለች።

እዚህ ላይ እንዳለሁ በታኅሣሥ ለቅሶ መጣብኝ። የጎባው ወዳጄ እናት አርፈው፣ ሁለት ዘመዶቹን፣ ሁለቱም ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ እናቶች፣ ይዤ እንድመጣ ተነገረኝ። ካንቢዮ ለማስቀየር ጊዜም ገንዘብም የለም። አዳማን፣ አሰላን፣ ዶዶላን እንደምንም አለፍን። ከአዳባ በኋላ ወደ ዲንሾ ሲወጣ ግን መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሄዳልና መኪናዋ ለየላት። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር ከኋላ ወንበር ‹‹ኧረ በማርያም!›› ይባላል። ከኋላዬ ስንዴ የጫነ ኤፍ ኤስ አር አለ። እግሬ ቤንዚን ላይ ነው፣ መኪናዋ አትሄድም፤ በመስታወቱ የማየው የጭነት መኪናውን አፍንጫ ብቻ ነው። ያኔ ነው የ1,500 ብሩን ዋጋ ያወቅሁት። ሁለት ነፍስ ከኋላ ጭኖ ‹‹ለማየት ብቻ አልከፍልም›› ያለ ሰው ምን ይባላል?

ሮቤ አደርን። በነጋታው መስታወቷ ላይ ውርጭ ጋግሯል። ‹‹ዲ›› አስገብቼ ቆጠርኩ፤ ሰባት ላይ ደረስኩ፣ ከዚያ ‹ዷ!› ብላ ተነሣች። ወዳጄ አንድ ወጣት መካኒክ ጋ ወሰደኝ። የሲናና ስንዴ የሚታጨድበት ወቅት ስለሆነ ግቢው የተፈታታ ኮምባይነር ተኝቶበታል። ‹‹ይኼ የኮምባይነር ሐኪም አይደል እንዴ? ስለ አውቶማቲክ ምን ያውቃል?›› አልኩ በሆዴ። ልጁ የሆዴን የሰማ ይመስል ‹‹ጋሼ፣ ኮምባይነርም የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ ያንተም ካንቢዮ እንደዚያው ነው›› አለኝ።

ከዚያ መፍቻ አላነሣም። ጥያቄ ጀመረ። ሲቀዘቅዝ ነው የሚብስባት ሲሞቅ? ወደ ኋላ ማርሽስ ላይ ትዘገያለች? መቼ ጀመራት? ከመጀመሯ በፊት ምን ተሠርቶላት ነበር? ዘይቷ መቼ ተቀየረ፣ በምን ዓይነት? እኔ ጣቴን ወደ ካንቢዮው እየቀሰርኩ ‹‹ሄዷል ብለውኛል›› እላለሁ። እሱ ‹‹ሱታ ጋሼ፣ ሱታ›› ይለኛል። ቀስ በል ማለቱ ነው በኦሮምኛ። ቀስ ብለው ሲረግጡ እሾህም ቀስ ብሎ ይወጋል ይላል የአገሩ ሰው።

ሩብ ሰዓት ያህል ነዳትና ሞቃ ስትመለስ ደልዳላ መሬት ላይ አቆማት። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ማርሹን ከ‹‹ፒ›› ጀምሮ እያንዳንዱ ቦታ ላይ እያሳረፈ እስከ ‹‹ኤል›› አውርዶ መለሰው። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከቶ አነበበ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነው! ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ አሳርፎ ወደ ብርሃን ያዘው፤ አሸተተው፤ በሁለት ጣቱ መሐል አሸው። ‹‹ቡናማ ነው፣ አርጅቷል። ግን አልተቃጠለም። ብረትም የለውም። ይቺ መኪና አልሞተችም።››

አንባቢዬ፣ መኪና ካለህ ይህችን ሶፍት አስታውሳት። ደህና የካንቢዮ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይና ጠራ ያለ ነው። ቡናማ ሲሆን አርጅቷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ የውስጡ ፍሪሲዮን እየተበላ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ካለበት ደግሞ መከፈቱ አይቀርም። ሮዝ እርጎ ከመሰለ የራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዳት። ኮምፒውተር ሳይጠየቅ በፊት ይህን ያህል ይናገራል። መኪናዋ መለኪያ ዘንግ ከሌላትም ዘይቷ የሚለካበት ሥርዓት አላት፤ ትንሽ ድካም ይጠይቃል እንጂ።

ዘይት ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? አውቶማቲክ መኪና በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም እንጂ በሆዷ ውስጥ ብዙ ፍሪሲዮን አላት። የተደረደሩትን ቀጫጭን ዲስኮች አጣብቆ የሚይዛቸው በፓምፕ የተገፋ ዘይት ነው። ማንዋል ካንቢዮ ላይ ዘይት ማለስለሻ ነው፤ አውቶማቲክ ላይ ግን ማለስለሻም፣ ማቀዝቀዣም፣ የሾፌሩ ግራ እግርም እሱው ነው። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል። አየር ደግሞ ይጨመቃልና ዲስኩን አጥብቆ አይዝም፤ ዲስኩ ይንሸራተታል፣ ይግላል። ስለዚህ የአንድ ሊትር ተኩል ጉድለት ደህናውን ካንቢዮ የሞተ ያስመስለዋል። ቸል ካሉት ደግሞ እውነትም ይገድለዋል።

‹‹የት ሄደ ታዲያ ዘይቱ?›› አልኩት።

‹‹እሱን የምትነግረኝ አንተ ነህ። ከመጀመሯ በፊት ምን ተሠራ?››

አሰብኩ። ራዲያተር አስቀይሬ ነበር፤ ስምንት ወር ይሆነዋል። ‹‹ግን እሱ ከካንቢዮ ጋር ምን አገናኘው?›› ስለው ሳቀና ክሪክ አስገብቶ ከፊት አነሣት። ለካስ የካንቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በቱቦ ሄዶ በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ ኖሯል! ራዲያተሩ ሲቀየር ቱቦው ተነቅሎ ነበር፤ ሲመለስ ማሰሪያው በደንብ አልጠበቀም። ስምንት ወር ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ሲል ከርሟል። ተማሪዎቼን ‹‹መጨረሻው ምዕራፍ ላይ የሚሆነው ነገር ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተጽፏል፤ ተመለሱና አንብቡ›› እላቸው ነበር። የራሴን መኪና ሁለተኛ ምዕራፍ ግን ዘልዬው ኖሯል።

ማሰሪያውን ቀየረ። መጽሐፏ የሚያዘው ዓይነት ዘይት ሮቤ ስላልተገኘ ከአዳማ በሚመጣ መኪና አስላከ። ያለውን ዘይት ለምን ዝም ብሎ እንደማይሞላው ጠየቅሁት። ‹‹የካንቢዮ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዲስኩ የሚይዝበት ልክ ይለያያል›› አለ። በማግሥቱ ከሥር ያለውን አፍስሶ አዲስ ሞላ፤ ማጣሪያውን ቀየረ። በዚህ መንገድ የሚወጣው ግማሹ ያህል ብቻ ነው፤ ‹‹የቀረውን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ድገመው፤ አርጅታለችና ባንዴ በማሽን አናጥባትም›› አለኝ። ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ረግጦ በ‹‹ዲ›› ሞተሩን የሚፈትንበት ሙከራ አለ፤ ከአምስት ሴኮንድ አይበልጥም። እሱንም ያደረገው ዘይቱ ከሞላ በኋላ ነው። ‹‹ቀድሜ ባደርገው ኖሮ ሳልመረምራት ገድያት ነበር›› አለ። ምርመራም ራሱ ቅደም ተከተል አለው።

ሒሳብ ላይ ደረስን። የዘይት፣ የማጣሪያ፣ የማሰሪያ፣ የጉልበት ዘረዘረልኝ። ያ ሁሉ ጥያቄ፣ ያ ሁሉ ንዳት፣ ያ የሶፍት ንባብ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

‹‹የምርመራውስ?››

‹‹እሱ ነፃ ነው ጋሼ። ማንም አይከፍልም። ብጠይቅ ወደዚያኛው ጋራዥ ይሄዱብኛል።›› ትንሽ ዝም አለና ‹‹ለነገሩ ልዘጋው ነው። ያገለገለ ዕቃ ልሸጥ አስቤያለሁ። ካንቢዮ የሚያድነው ሰው የዘይት ያገኛል፤ ካንቢዮ የሚሸጠው የካንቢዮ ያገኛል›› አለኝ።

ይኸውላችሁ! ከኮሮላዬ ይልቅ የከነከነኝ ይህ ነው። ሙያ በልብ ነው እንላለን። መልካም። ነገር ግን በልብ ያለውን ሙያ ማንም አይገዛም፤ የምንገዛው በእጅ የሚዳሰሰውን ነው። ክፍያችን በመፍቻ ነው። መካኒኩ አስቦ ሁለት ሰዓት ቢያድነን ‹‹ምን ሠራና!›› እንላለን፤ ሳያስብ ሁለት ቀን ቢፈታታው ላቡን አይተን እንከፍላለን። ሐኪሙ አዳምጦን ‹‹መድኃኒት አያስፈልግህም›› ቢለን ‹‹ምንም አላደረገልኝ›› ብለን መርፌ የሚወጋ ፍለጋ እንሄዳለን። የሕግ ባለሙያውን መንገድ ላይ አስቁመን ‹‹አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅህ›› እንለዋለን። ማወቅ በነፃ፣ መፍታት በገንዘብ!

ውጤቱ ግልጽ ነው። አንድ ነገር ሲነቀል ብቻ የሚከፈለው ሰው የሚነቀል ነገር አያጣም። ‹‹መካኒኮቹ ራሳቸው ሌቦች ናቸው›› የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አሉ፣ አልክድም። ግን ሌባውን በነፃ ምርመራ እየቀለብን ያሳደግነው እኛው ነን። የአዲስ አበባው ፈራጅ ሦስት ደቂቃውን በነፃ ሲሰጠኝ ደግነት መስሎኝ ነበር። ነፃ አልነበረም፤ ዋጋው 130 ሺህ ብር ውስጥ ነበር። እውነተኛውን ዋጋ ፊት ለፊት የነገሩኝን ሰው ግን ሰድቤ ወጣሁ። ‹‹ከፍዬስ ባያውቁት?›› የሚለው ክርክር የተሻለ ነው። መልሱ ግን አለመክፈል አይደለም፤ ለከፈሉት ወረቀት መጠየቅ ነው። ምን አያችሁ? ዘይቱ የት ላይ ነበር? ቀለሙስ? የትኛውን አጣርታችሁ የትኛው ቀረ? የኮምፒውተሩ ኮድ ስንት አለ? መሣሪያው ‹‹ፒ0700›› ቢል እንኳ ‹‹የካንቢዮው መቆጣጠሪያ ጥፋት አግኝቷል፣ ወደ ውስጥ ገብታችሁ አንብቡ›› ማለቱ ነው እንጂ ‹‹ካንቢዮ ግዙ›› ማለቱ አይደለም። ኮዱ ርዕስ ነው። ርዕስ አንብቦ መጽሐፍ የሚተች ተማሪ እኔ ዘንድ አያልፍም ነበር።

ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አምጥቶት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። መኪናውና አዋጁ እኩያ ናቸው ማለት ነው። መኪናውን ተቀበልነው፤ አዋጁን ግን ግማሹን ብቻ። ዛሬ መካኒክን ‹‹ቀጥቃጭ›› ብሎ የሚሰድብ የለም። ስድቡ ረቀቀ እንጂ አልቀረም፤ እጅህን እከፍልሃለሁ፣ ጭንቅላትህን ግን በምርቃት ስጠኝ ማለትም ስድብ ነው።

ዛሬ ደግሞ ይህ ስድብ ያስከፍለናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች እንግዲህ ከእኛ ጋር ማርጀታቸው ነው። ሶማሌ ተራ የሚገኘው ያገለገለ ካንቢዮም የሌላ አሮጌ መኪና ካንቢዮ ነው፤ ምን ያህል እንደተነዳ የተጻፈበት የለም። አንብቦ ማዳን የሚችለው ሰው ሱቅ ከከፈተ በኋላ አውራ ጎዳናው ላይ የሚቀረው ማን ነው? ‹‹ኤሌክትሪክ መኪና መጥታ ትገላግለናለች›› የሚል ካለ ደግሞ፣ እሷ በጆሮ ሰምተው የሚፈርዱባት ድምፅ እንኳ የላትም። ያለ ንባብ አትነካም።

ከንፈር መጣጩን ብቻ እንዳልወቅስ አንድ ልጨምር። ከለቅሶው በኋላ ወዳጄ ልቡ እንዲረጋ ብለን በሳነቴ በኩል ወደ ዶሎ መና መንገድ ትንሽ ወጣን። ጎባን ለቀን አምባው ላይ ስንደርስ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ መኪናዋ ከበዳት። ማርሽ ታወርዳለች፣ ትጮኻለች፣ አትሮጥም። ‹‹በቃ፣ ካንቢዮው ሄዷል!›› የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማን ድምፅ መሰላችሁ? የእኔ! ወዳጄ ልጁ ጋ ደወለ፤ ልጁ ሳቀብኝ። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሲሶ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ካንቢዮው ለሞተሩ አዝኖ ማርሽ ያወርድለታል እንጂ አልታመመም። ‹‹ስትወርድ ‹‹ሁለት›› ላይ አስገባት ጋሼ፣ ፍሬን አትጨርስ። ሌላ ምንም የላትም›› አለኝ። ይህንንም ምክር በነፃ።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ወደ እኚያ ጠና ያሉ መካኒክ ሄድኩ። ‹‹ምን ሆነች?›› አሉኝ። ‹‹ምንም። እንዲያዩልኝ ነው›› አልኳቸው። ግማሽ ቀን ቆየች። ነዷት፣ አሞቋት፣ ዘይቷን አዩ፣ ከሥሯ ገብተው የሮቤውን ማሰሪያ ነካ ነካ አደረጉት። ‹‹ይህን የሠራው ልጅ ያውቃል›› አሉ። ከዚያ ከደብተራቸው ቅጠል ቀድደው ያዩትን ሁሉ በአራት መስመር ጻፉልኝ፤ የመጨረሻው መስመር ‹‹ምንም የለባትም›› ይላል።

1,500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። እጄ ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽም። ምንም ላልተነቀለበት፣ ምንም ላልተገጠመበት፣ ‹‹ምንም የለባትም›› ለሚል ቃል ገንዘብ ማውጣት ለእኛ ሰው ከባድ ነው። የሮቤው ልጅ ያልጠየቀኝን ሒሳብም በባንክ ላክሁለት። ደውሎ ‹‹ይኼ የምንድነው?›› አለኝ።

‹‹የሶፍቷ ነው›› አልኩት።

ጋራዡን ይዘጋው አይዝጋው አልነገረኝም። የአንድ ሰው ክፍያ አያቆየውም፤ እናንተም ክፈሉ።